የጉዞ ጉዳይ ምክርና የሒሳብ ሰነዱ፦ በአዳማና በኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደንበኛን ክፍያ የመጠየቅ አሠራር

መግቢያ

ከአዳማ ወጥቶ በሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈውና መቂን፣ ባቱንና አርሲ ነገሌን አቋርጦ ሻሸመኔ የሚደርሰው አውራ ጎዳና የአትክልትና የአበባ ጭነት መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተነሣ ሰው ወረቀቱን የሚያሟላበት መስመርም ነው። በእነዚህ ከተሞች የፓስፖርት ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚሞሉ፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙ፣ ለዩኒቨርሲቲ ቅበላና ለትምህርት ቪዛ የሚያመለክቱ፣ ለቤተሰብ ማገናኘት ፋይል የሚያዘጋጁ፣ የአሜሪካን የዲቪ ቅጽ የሚሞሉ ልዩ ልዩ አገልግሎት ሰጪዎች ይገኛሉ። ከመካከላቸው ጠበቃ አለ፤ ፈቃድ ያለው የሥራ ስምሪት ኤጀንሲ አለ፤ የንግድ ፈቃድ ያወጣ አማካሪ አለ፤ ኮምፒውተርና ማተሚያ ይዞ የተቀመጠ የጽሕፈት ቤት አለ፤ ምንም ፈቃድ የሌለው ጉዳይ ገዳይና ደላላም አለ። ለደንበኛው ግን ሁሉም «ፕሮሰስ የሚያስጨርሱ» ሰዎች ናቸው።

ደንበኛው የሚከፍለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ቁጠባ አይደለም። የበሬ ሽያጭ፣ በወለድ አገድ የተያዘ መሬት፣ የዕቁብ ዕጣ፣ ውጭ ካለ ዘመድ የተላከ ብድር አንድ ላይ ተጠራቅሞ ነው የሚከፈለው። ጉዳዩ ሳይሳካ ሲቀር የሚነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ ከተከፈለው ውስጥ የሚመለሰው ስንቱ ነው? መልሱ የሚገኘው በቃል ከተነገረው ተስፋ ውስጥ ሳይሆን ክፍያው ሲጠየቅና ሲፈጸም ከተጻፈው ሰነድ ውስጥ ነው። ሰነዱ ከሌለ፣ ወይም አንድ ድምር ቁጥር ብቻ ከያዘ፣ ጥያቄው በሽማግሌም ሆነ በፍርድ ቤት መልስ ለማግኘት ይቸገራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው የጉዞ ጉዳይ አማካሪ ለደንበኛው የሚሰጠው የሒሳብ ሰነድ ምን ምን መለየት እንዳለበትና ልዩነቱ ለምን ከሒሳብ አያያዝ ያለፈ ትርጉም እንዳለው ነው። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፦ የአማካሪው የድካም ዋጋ፣ ለሌላ አካል እንዲከፈል የተሰጠ ገንዘብና ገና ላልተሠራ ሥራ የተያዘ ገንዘብ በአንድ ጥቅል ዋጋ ሲደባለቁ ተመላሹ አይታወቅም፣ ግብሩ ይዛባል፣ ሕጉ ከተጓዡ እንዳይወሰድ የከለከለው ክፍያም ተሸፍኖ ያልፋል።

«ደረሰኝ» የሚለው ቃልና ሁለቱ ሰነዶች

በአማርኛ የንግድ ልማድ «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሰነዶችን ይሸፍናል። ቃሉ ራሱ ኃላፊ ግሥ ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩ «ገንዘቡ እጄ ገባ» ብሎ የሚሰጠው የእምነት ቃል ነው። በዚህ ትርጉሙ ደረሰኝ ክፍያ መፈጸሙን ያረጋግጣል እንጂ ክፍያው ለምን እንደ ተጠየቀ አያብራራም። ከክፍያ በፊት የሚቀርበው፣ የተሠራውን ወይም ሊሠራ የታሰበውን ሥራ ከነዋጋው ዘርዝሮ «ይህን ያህል ክፈል» የሚለው ሰነድ ሌላ ነው፤ በመሥሪያ ቤቶች የክፍያ መጠየቂያ ወይም ኢንቮይስ ይባላል፤ ዋጋ ለማሳወቅ ብቻ ሲቀርብ ደግሞ ፕሮፎርማ ይሆናል።

በግንባታና በዕቃ አቅርቦት ሥራ ሁለቱ ሰነዶች ተለይተው ይታወቃሉ። በጉዞ ጉዳይ ምክር ግን መጠየቂያው በአብዛኛው በቃል ነው፤ ዋጋው በድርድር ይቆረጣል፣ ገንዘቡ በእጅ ወይም በባንክ ይተላለፋል፣ ከተጻፈም የሚጻፈው «ለቪዛ ጉዳይ» የሚል አንድ መስመር ነው። የዲጂታል ክፍያ መስፋፋት ይህን ክፍተት በግማሽ ሞልቶታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቴሌብርም ሆነ የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ብር እንዳስተላለፈ ዱካ ያስቀራል። ይሁንና የገንዘቡን ምክንያት የሚገልጸው ቦታ ባዶ ከተተወ ወይም «ክፍያ» ተብሎ ከታለፈ፣ ማስረጃው ገንዘብ መተላለፉን እንጂ ውሉን አያስረዳም። ተቀባዩ «ብድሩን ነው የመለሰልኝ» ቢል ማስተባበያው ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይገባል።

በአንድ ሒሳብ ውስጥ ያሉ ሦስት ዓይነት ገንዘቦች

የመጀመሪያው ገንዘብ የአገልግሎት ዋጋ ነው። አማካሪው ፋይል ለመመርመር፣ ቅጽ ለመሙላት፣ ደብዳቤ ለማርቀቅ፣ ደንበኛውን ለቃለ መጠይቅ ለማዘጋጀት ላፈሰሰው እውቀትና ጊዜ የሚከፈለው ነው። ይህ ገንዘብ ሥራው እንደ ተሠራ የአማካሪው ገቢ ይሆናል፤ ግብርም የሚታሰብበት እርሱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2632 ጀምሮ ስለ አእምሮ ሥራ ውል የደነገገው ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት የቀረበ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ አማካሪው በደንበኛው ስም ለሦስተኛ ወገን የሚከፍለው ወጪ ነው። የፓስፖርት ክፍያ፣ የኤምባሲ ማመልከቻና የአሻራ ክፍያ፣ የሕክምና ምርመራ፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የትርጉም ዋጋ ከዚህ ይመደባሉ። ይህ ገንዘብ በአማካሪው እጅ ቢያልፍም የእርሱ አይደለም። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2199 ጀምሮ ካሉት የውክልና ድንጋጌዎች መንፈስ ሲታይ አማካሪው በዚህ ረገድ ተወካይ ነው፤ ተወካይ ደግሞ ለወካዩ የተቀበለውንና ያወጣውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ለዚህ ክፍል ተገቢው ሰነድ የአማካሪው የራሱ ደረሰኝ ብቻ ሳይሆን የሦስተኛው ወገን ደረሰኝ ቅጂም ጭምር ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ በቅድሚያ የተያዘ ገንዘብ ነው። ገና ያልተሠራ ሥራ ዋጋና ገና ያልተፈጸመ ወጪ ከዚህ ይገባሉ። እዚህ ላይ የስያሜ ልዩነት የሕግ ውጤት ልዩነት ያመጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ገበያ የመጀመሪያ ክፍያ ሁሉ በልማድ «ቀብድ» ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ግን ቀብድ ልዩ ትርጉም አለው፤ ውል መደረጉን ያስረዳል፤ ውሉ ሲፈጸም ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይቀነሳል፤ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደንበኛው ለኤምባሲ እንዲከፈል የሰጠው ገንዘብ በሰነዱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሐሳቡን በቀየረ ጊዜ አማካሪው ያላወጣውን ወጪ ሁሉ ለራሱ ለማስቀረት የሚያስችል ክርክር ያገኛል። «ለኤምባሲ ክፍያ የተያዘ፣ ካልተከፈለ ተመላሽ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ያ ክርክር መቆሚያ ያጣል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው «ቪዛ ሲመታ ትከፍላለህ» የሚለው ስምምነት ነው። በውጤት ላይ የተንጠለጠለ ዋጋ ደንበኛውን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ጉዳዩ ሲሳካ ብቻ ነውና። ነገር ግን ቪዛ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን የኤምባሲው ነው። አማካሪው በእጁ የሌለውን ውጤት ዋጋ ሲያወጣለት፣ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፦ ፋይሉን በማስዋብ፣ አልፎም ሐሰተኛ ማስረጃ በማስገባት ውጤቱን ለማቅረብ ይገፋፋል፤ ደንበኛውም የሚከፍለው ለምክር ሳይሆን ለቪዛው ራሱ እንደ ሆነ ያምናል። በዝርዝር የተጻፈ ሒሳብ ግን የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ያስቀምጣል፦ የሚሸጠው ሥራ ነው፤ ፈቃዱ አይሸጥም።

ማን ከማን ምን መጠየቅ ይችላል?

ሦስቱን ገንዘቦች መለየት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለሥራ ወደ ውጭ አገር በሚሄዱ ሰዎች ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በአንቀጽ 10 ወጪዎችን በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል አከፋፍሏል። የመግቢያ ቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ፣ የመድን ዋስትናና የመሳሰሉት በአሠሪው ላይ ተጥለዋል። የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን የመሳሰሉ ወጪዎች ደግሞ የሠራተኛው ሆነዋል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም በአንቀጽ 7 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይወስዱ ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታዎችን የሚፈቅደው በጠባቡ ነው።

እንግዲህ ከአርሲ ነገሌ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ወጣት «ጥቅል ዋጋ» ስትከፍል፣ በጥቅሉ ውስጥ አሠሪው ሊከፍለው የሚገባው የቪዛና የአውሮፕላን ዋጋ መኖሩንና አለመኖሩን የሚያሳይ ነገር የለም። ክልከላው በሕግ ላይ አለ፤ ጥሰቱ ግን በአንድ ቁጥር ውስጥ ተቀብሯል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤጀንሲውን ሊጠይቅ የሚችለው ወጪው በስሙ ተጽፎ ሲገኝ ነው። ዝርዝር ደረሰኝ የማይሰጥበትን ምክንያትም ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ከሠራተኛ መወሰድ የሌለበትን ገንዘብ የሚወስድ ሰው ዝርዝሩን ቢጽፍ በራሱ ላይ ይመሰክራል።

የእገዳ ዘመን ልምድም ይህንኑ ያሳያል። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚደረገውን ጉዞ አገደ፤ በዚያው ዓመት ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ጉዞው አልቆመም፤ ሕጋዊ ኤጀንሲ ሲዘጋ ክፍያው ወደ ደላላ ዞረ፤ ደላላ ደግሞ ደረሰኝ አይሰጥም። ሰውን መነገድንና ድንበር ማሻገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት ቢደነግግም፣ ወንጀሉን ለማስረዳት ከሚያስፈልጉት ማስረጃዎች አንዱ የገንዘቡ ዱካ ነው።

ከሥራ ስምሪት ውጪ ባሉት ጉዳዮች፣ ማለትም በትምህርት፣ በቤተሰብ ማገናኘት፣ በጉብኝትና በዲቪ ማመልከቻ፣ ደንበኛው የአማካሪውን ዋጋ ራሱ መክፈሉ አልተከለከለም። ጠበቃ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድንና ሥነ ምግባርን ይገዛል፤ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። «የኢሚግሬሽን አማካሪ» የሚባለውን ሙያ ለብቻው የሚመዘግብና የሚቆጣጠር አካል ግን አልተቋቋመም። ሙያው ተቆጣጣሪ በሌለበት ሁኔታ የደንበኛው መጠበቂያ የሚሆነው አጠቃላዩ የውል ሕግና በእጁ ያለው ወረቀት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ አለ የሚል ወገን ግዴታውን የማስረዳት ሸክም አለበት። ቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ቁጥር 1815 ደግሞ ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ያዛል። እነዚህ መብቶች ሁሉ የሚሠሩት ምን እንደ ተከፈለና ለምን እንደ ተከፈለ ማስረዳት ሲቻል ነው።

ቁጥራዊ ማሳያ

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት አንድ ምናባዊ ጉዳይ መውሰድ ይቻላል። ከባቱ የመጣች ተማሪ በአዳማ ላለ፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ለተመዘገበ አማካሪ የትምህርት ቪዛ ጉዳይ ትሰጣለች እንበል። ሒሳቡ እንዲህ ተዘርዝሯል፦ ፓስፖርት 5,000 ብር፤ ትርጉምና ማረጋገጫ 6,000 ብር፤ የኤምባሲና የአሻራ ክፍያ 25,000 ብር፤ የአማካሪው ዋጋ 30,000 ብር። የአማካሪው ዋጋ በሦስት ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ 10,000 ብር ሆኖ ተከፍሏል፦ ሰነድ ማደራጀት፣ ማመልከቻ ማስገባት፣ ለቃለ መጠይቅ ማዘጋጀት። የ15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ በአማካሪው ዋጋ ላይ ብቻ ሲታሰብ 4,500 ብር ይሆናል። ድምሩ 70,500 ብር ነው።

አማካሪው ሳይለይ «የቪዛ አገልግሎት፣ 66,000 ብር» ብሎ ደረሰኝ ቢቆርጥ በመሣሪያው የሚመዘገበው ታክስ 9,900 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 5,400 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ወይ ከተማሪዋ ይወሰዳል፣ ወይ አማካሪው ከራሱ ዋጋ ላይ ያጣዋል፣ ወይም ሁለቱም እንዳይጎዱ ደረሰኙ ጭራሽ ሳይቆረጥ ይቀራል። በተግባር ብዙ አማካሪዎችን ከደረሰኝ የሚያሸሻቸው ይህ ሦስተኛው መንገድ ነው። በደንበኛ ስምና ለደንበኛ የተከፈለ ወጪ የአገልግሎት ዋጋ አካል አይደለም የሚለው መርሕ በተጨማሪ እሴት ታክስ ሥርዓቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት የ2006 እ.ኤ.አ. መመሪያ በአንቀጽ 79 በግልጽ ያሰፈረው ሲሆን፣ ወጪው በመሸጋገሪያ ሒሳብ ለብቻው እንዲመዘገብም ይጠይቃል። መርሑ የሚጠቅመው ግን ወጪው በደንበኛው ስም በወጣ ደረሰኝ ሲደገፍ ነው። የኤምባሲው ደረሰኝ በአማካሪው ስም ከወጣ ወይም ከጠፋ፣ ወጪውን ከአማካሪው ገቢ ለመለየት የሚያስችለው መሠረት ይናዳል።

አሁን ተማሪዋ ሰነዶቿ ተደራጅተው ማመልከቻው ሳይገባ ሐሳቧን ቀየረች እንበል። ከዝርዝሩ ማየት የሚቻለው ይህ ነው፦ ፓስፖርቱ በእጇ ነው፤ ትርጉሙ ተሠርቷል፤ የአማካሪው የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ ከነታክሱ 11,500 ብር ተገብቶታል። ያልተከፈለው የኤምባሲ ገንዘብ 25,000 ብር፣ ያልተሠሩት ሁለት ደረጃዎች 20,000 ብርና ታክሳቸው 3,000 ብር፣ በድምሩ 48,000 ብር ይመለስላታል፤ አማካሪውም ቀድሞ የቆረጠውን ደረሰኝ በሕጉ በተፈቀደው ማስተካከያ ሰነድ ያርማል። በጥቅል ደረሰኝ ግን የዚህ ስሌት አንዱም መስመር የለም። ክርክሩ «ሁሉንም መልስ» እና «ምንም አልመልስም» በሚሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይቆማል፤ ሽምግልናውም በይሉኝታ መካከለኛ ቁጥር ይፈልጋል።

ዝርዝር ሒሳብ የሚደርሰው ማን ነው?

በዚሁ መስመር የጉዞ ጉዳይ ምክር የሚገዙት ከአገር የሚወጡ ብቻ አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክና በባቱ ዙሪያ ባሉ የአበባ እርሻዎች የሚሠሩ የውጭ አገር ባለሙያዎች የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ድርጅቶቹም ጉዳዩን ለጠበቃ ወይም ለጉዳይ አስፈጻሚ ይሰጣሉ። እነዚህ ደንበኞች ዝርዝር መጠየቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ሕጋዊ ደረሰኝና የመንግሥት ክፍያ ደረሰኞች ሳይቀርቡላቸው አይከፍሉም።

ምክንያቱ የሥልጣኔ ልዩነት አይደለም፤ የግብር ሕጉ የፈጠረው ጥቅም ነው። ድርጅቱ ወጪውን ከታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ለመቀነስ ደረሰኝ ያስፈልገዋል፤ በግዢ ላይ የከፈለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለማቀናነስም እንዲሁ። ለአገልግሎት ሲከፍል ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ አለበት፤ ይህ ምጣኔ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ 2 በመቶ ነበር። ስለዚህ የድርጅቱ ሒሳብ ሹም በራሱ ጥቅም ተነሣሥቶ አማካሪውን ያስገድዳል። ከመቂ የመጣው ገበሬ ወይም ከአርሲ ነገሌ የመጣችው ወጣት ግን ደረሰኙን የሚያቀርቡበት ቦታ የላቸውም፤ ወጪ አይቀንሱበትም፣ ታክስ አያቀናንሱበትም። እንዲያውም «ያለ ደረሰኝ ይሻልሃል፣ 15 በመቶው ይቀርልሃል» ሲባሉ የሚያተርፉ ይመስላቸዋል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ አሳሳቢ ነው። አንዱ ባለሙያ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓይነት የሒሳብ ሥርዓት ሊይዝ ይችላል፤ ኪሳራን በቀላሉ ለሚሸከመው ድርጅት የተሟላ ሰነድ ይሰጣል፤ ሁሉን ሸጦ ለመጣው ግለሰብ ቃል ብቻ ይሰጣል። ሰነዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ሰነዱን ለመጠየቅ ከሁሉ ያነሰ ምክንያትና አቅም ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የግብር ቁጥጥር ብቻውን ግለሰቡን ሊጠብቅ አይችልም።

የቋንቋው ነገርም መታየት አለበት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ውላቸውን በቃል የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው። ወረቀት ሲመጣ ግን የኤምባሲውን ቅጽ ተከትሎ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ደንበኛው በማያነበው ቋንቋ የተዘረዘረ ሒሳብ ከጥቅል ሒሳብ ብዙም አይሻልም።

የሌሎች አገሮች አሠራር

የጉዞ ምክርን እንደ ሙያ የሚቆጣጠሩ አገሮች የሒሳብ ሰነዱን የሙያው ግዴታ አድርገውታል። በአውስትራሊያ የ1958 እ.ኤ.አ. የኢሚግሬሽን ሕግ ክፍል 3 የተመዘገበ አማካሪ ለደንበኛው የአገልግሎት መግለጫ ካልሰጠ ክፍያ የመቀበል መብት እንደማይኖረው ይደነግጋል። እዚህ ላይ ዝርዝሩ የዋጋ ማስረጃ ከመሆን አልፎ የዋጋ ቅድመ ሁኔታ ሆኗል። በብሪታንያ የ1999 እ.ኤ.አ. የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ሕግ ብቁ ሳይሆኑ ምክር መስጠትን ወንጀል አድርጓል፤ ተቆጣጣሪው አካልም አማካሪዎች የሥራውን ወሰንና ዋጋውን ለደንበኛው አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። በካናዳ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራውን የያዘው የአማካሪዎች ኮሌጅ የጽሑፍ የአገልግሎት ውልና ለቅድሚያ ክፍያ ከአማካሪው ገንዘብ የተለየ የደንበኛ የባንክ ሒሳብ ይፈልጋል።

ሦስቱም የሚጋሩት ነጥብ የሦስተኛውን ገንዘብ ባሕርይ ማወቃቸው ነው፤ ያልተሠራበት ገንዘብ የደንበኛው ገንዘብ ሆኖ ይቆያል። የተለየ የባንክ ሒሳብ መክፈት ለአዳማ ወይም ለሻሸመኔ አማካሪ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የሚጠይቀው ልማድን መለወጥ ነው። አማካሪው ለቤት ኪራይ የቸኮለ ዕለት የደንበኛውን የኤምባሲ ገንዘብ እንዳይነካ የሚያግደው ቀላሉ አጥር ይኸው ነው።

ተቃውሞዎችና ገደቦች

ዝርዝር ሒሳብ ሁሉን ችግር ይፈታል ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ብዙዎቹ አገልግሎት ሰጪዎች ትናንሽ ናቸው፤ ለአንድ የዲቪ ቅጽ መሙያ ጥቂት ብር የሚቀበል የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የደንበኛ ሒሳብ እንዲከፍት መጠየቅ ሚዛናዊ አይሆንም። ግዴታው በገንዘቡ መጠንና በጉዳዩ ዓይነት ሊለያይ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዝርዝር ራሱ የማታለያ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ያልተከፈለ «የማረጋገጫ ክፍያ» ወይም የተጋነነ «የትርጉም ዋጋ» በመስመር መስመር ሊጻፍ ይችላል። ለዚህም ነው የሦስተኛ ወገን ደረሰኝ ቅጂ የዝርዝሩ አካል መሆን ያለበት። ሦስተኛ፣ ፈቃድ የሌለው ደላላ በምንም ዓይነት ሰነድ ሕጋዊ አይሆንም፤ ዝርዝር ሒሳብ ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ ለመለየት ይረዳል እንጂ ሕገ ወጡን አያጸዳም።

በጣም የሚያከራክረው አራተኛው ነው። ተጓዡ ራሱ ሰነድ አይፈልግም የሚለው ነው። ዘመድ ያገናኘውን ሰው «ጻፍልኝ» ማለት እንደ አለመተማመን ይቆጠራል፤ ጉዳዩንም ያበላሻል ተብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አማካሪው መረጃውንም፣ ፓስፖርቱንም፣ ቀጠሮውንም ይዟል። ነገር ግን ዕቁብና ዕድር በጽሑፍ መዝገብ የሚተዳደሩት በማይተማመኑ ሰዎች መካከል ስለ ሆነ አይደለም። ደንበኛው ለዕቁቡ የሚጠይቀውን መዝገብ ለጉዞው ገንዘብ ቢጠይቅ ከማኅበራዊ ልማዱ አልወጣም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ትንተና የሚከተለው ዝቅተኛ መሥፈርት ከባድ አይደለም። የጉዞ ጉዳይ አማካሪ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ መጠየቂያ ያቅርብ፤ የራሱን ዋጋ በሥራ ደረጃ ይከፋፍል፤ ለሦስተኛ ወገን የሚከፈለውን ለብቻው ያስፍርና ደረሰኙን በደንበኛው ስም ያስወጣ፤ በቅድሚያ የተያዘው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ተመላሽ በቃሉ ይጻፍ፤ የሥራ ስምሪት ጉዳይ ከሆነ በአሠሪው ላይ የሚወድቁት ወጪዎች በሠራተኛው ሒሳብ ላይ እንዳይታዩ ይደረግ። ደንበኛውም በባንክ ወይም በሞባይል ሲከፍል በምክንያት መግለጫው ቦታ የክፍያውን ዓላማ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፤ አማካሪው ደረሰኝ ለመስጠት ፈቃደኛ ባይሆን እንኳ ከፋዩ ራሱ ሊሠራው ይችላል።

የቁጥጥር ሥልጣን ያላቸው አካላት ደግሞ ደረሰኝን ከግብር ዓይን ብቻ ማየታቸውን ሊያሰፉት ይገባል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ኤጀንሲዎችን ሲመረምሩ «ደረሰኝ ቆርጧል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ደረሰኙ ላይ የማን ወጪ ተጽፏል?» ብለው ቢጠይቁ የአንቀጽ 10 ክፍፍል በተግባር መፈጸሙን ለማወቅ የሚያስችል መንገድ ያገኛሉ።

ለተመራማሪዎችም የተከፈተ መስክ አለ። የስደት ወጪ ጥናቶች በአብዛኛው ተመላሾች በቃል በሚያስታውሱት ድምር ላይ ይመሠረታሉ። በወረዳ ፍርድ ቤቶች ከተከፈቱ የገንዘብ ይመለስልኝ ክሶች ጋር የተያያዙ ደረሰኞች፣ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀቶችና የሽምግልና ስምምነቶች ተሰብስበው ቢጠኑ ድምሩ ከምን ከምን እንደ ተገነባ፣ የትኛው ክፍል ለመንግሥት፣ የትኛው ለኤምባሲ፣ የትኛው ለመካከለኛው ሰው እንደ ገባ ማሳየት ይችላሉ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች እንዲህ ያለ ጥናት ቢደረግ፣ የጉዞ ዋጋ ውድ ነው ከሚለው የታወቀ አቤቱታ አልፎ ውድ ያደረገው የቱ መስመር እንደ ሆነ ለመናገር ያስችላል።